ከነጠላው ጫፍ እስከ ወረንጦው

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር የሕፃኗ ዓይን በዓይናር ተጣብቆ ያደረባት እናት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታነሳው የነጠላዋን ጫፍ ነው። ምራቋን አስነክታ ትጠርገዋለች። በዚያው ጫፍ የታላቅዬውንም ፊት ታብሳለች። አገሩ የበርበሬ አገር ነውና እጇ ላይ ብናኝ ቀርቶ እንደሆነ ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ይውላል።

እዚያው ቤት ጥግ ላይ አያት ወረንጦ ይዘው ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ወደ ውስጥ የታጠፈው ሽፋሽፍት ብሌናቸውን ይወጋቸዋል፤ ቢነቅሉትም ተመልሶ ይበቅላል። ለዚህ ያደረሳቸው የዓይን ማዝ ወይም ትራኮማ የሚሉት በሽታ ነው። ተህዋሱ ከሕፃን ወደ ሕፃን በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይሻገራል፤ በልጅነት ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይን ቆቡ ውስጠኛ ክፍል ይጠባሰስና ጉዳቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ይወጣል። ሴቶችን ይበልጥ የሚጎዳውም ከልጆች ስለማይለዩ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ የአማራ ክልል ልጆች 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ የአገሪቱ አማካይ 40 በመቶ ገደማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ዘመቻ ወጥቶ አዚትሮማይሲን ለሕዝብ በነፃ ታድሏል። ስድስት ወር ያልሞላው ጨቅላ ግን ይህ መድኃኒት አይሰጠውም፤ የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ነው፤ ጠዋትና ማታ ለስድስት ሳምንት። ቅባቱን የምትቀባው እናት ናት። እንግዲህ የትንሹ ልጅ ዓይን ዕጣ ከጤና ጣቢያው ይልቅ በቤት ውስጥ ይወሰናል ማለት ነው።

አራስ ቤት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በወሊድ ጊዜ የሚተላለፍ የጨብጥ ተህዋስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። በጤና ተቋም የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያው ሰዓት ቅባት ይደረግለታል፤ ቤት የተወለደው ይቀርበታል። ስለዚህ የአራስ ልጅ ዓይን ካበጠና መግል ከያዘ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የጡት ወተት ማንጠብ አያድነውም፤ ኩልም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ይጎዳዋል።

ማጽዳቱ ራሱ ቀላል ነው፦ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ንጹሕ ጨርቅ ማራስ፣ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ መጥረግ፣ ለሁለተኛው ዓይን ሌላ ጨርቅ መያዝ። ነገር ግን ውሃ ከሩቅ ምንጭ በጀርባዋ ለምታመጣ ሴት «አጽጂ» ብሎ መሄድ ግፍ ነው።

ትራኮማን የሚያሻግረው ዝንብ ደግሞ ይበልጥ የሚራባው ሜዳ ላይ በቀረ የሰው ዓይነ ምድር ነው። በምሥራቅ ጎጃም ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ በ2004 እ.ኤ.አ. የመጸዳጃ ቤት ዘመቻ ሲጀመር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተሠራ። አጥብቀው የገፉት ሴቶች ነበሩ። ለመጸዳዳት ጀምበር እስክትጠልቅ መጠበቅ ሰልችቷቸው ነበር።