አድሪያኖን መምረጥ ክልክል ነው

የጃፓኑ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6» የተባለ የእግር ኳስ ጌም የተጫወተ ሰው ጉድለቱን በቃሉ ይዘረዝርልዎታል። ኩባንያው ፈቃድ ስላላገኘ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ተብለው ይሰለፋሉ። የጀርመን ቡንደስሊጋ ጭራሽ የለም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የኢንተር ሚላኑ ብራዚላዊ አጥቂ አድሪያኖ ነው። የምቱ ኃይል 99 ተብሎ ስለተሞላ፣ ከሩቅ ቢለጋት እንኳ በረኛው ኳሷን የሚያገኛት መረብ ውስጥ ነው።

ከሚሴ ላይ እኛ የምንጫወትባት ጌም ቤት ከደሴው አስፋልት ዳር ያለች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። የሚጫወቱት አራት፣ የሚያዩት ሃያ። ክርክሩ በኦሮምኛም በአማርኛም ነው፤ በበጋ ከብቶቻቸውን ወደ ጨፋ ሣር ይዘው ከሚመጡት የአፋር ቤተሰቦች ልጆችም በሩ ላይ ቆመው የሚያዩ አይጠፉም ነበር። እንግሊዝኛው ስለማይነበበን ቡድኑን የምንለየው በማሊያው ቀለም ነው፤ የኮናሚ የፈቃድ ጣጣ ለእኛ ምናችንም አልነበረም። አድሪያኖ ግን ሰው ስላጣላ ሕግ ወጣበት። ኢንተርን የመረጠ እሱን ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጣል።

እውነተኛው አድሪያኖ በ2004 አባቱን ቀብሯል። ከዚያ በኋላ ለኳስ የነበረው ፍቅር እንደ ድሮው እንዳልሆነ ራሱ ተናግሯል። እኛ ጉልበቱን ፈርተን ስናግደው፣ ሰውየው ሚላን ውስጥ በሐዘን እየደከመ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ለአድሪያኖ ግድ አልነበረውም። የእሱ ዓለም «ማስተር ሊግ» ነው። እዚያ ለጀማሪ የሚሰጠው ቡድን ኮናሚ የፈጠራቸው፣ በዓለም ላይ የሌሉ ደካማ ተጫዋቾች ስብስብ ነው፤ በረኛው ኢቫሮቭ፣ አማካዩ ሚናንዳ፣ አጥቂው ካስቶሎ። ሰው ሁሉ ነጥብ ሲያጠራቅም እነሱን ሸጦ ባለ ስም ይገዛል። ወንድሜ አልሸጠም። «ሰው የማያውቃቸውን ይዤ ነው ዋንጫ የምበላው» ይል ነበር። ቡድኑን የሚያስቀምጥባትን ስምንት ሜጋባይት ሜሞሪ ካርድ ከኪሱ አይለያትም።

አንድ ቀን ካርዷን ትራሴ ሥር አገኘኋት። እሱ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ባሕሩ ሄዷል። የመን ይግባ፣ ሳዑዲ ይግባ፣ ባሕር ይብላው ሳናውቅ ስምንት ወር አለፈ። እናታችን ስልክ በጮኸ ቁጥር ትቆማለች። እኔ ጌም ቤት እሄድና ካርዷን ሰክቼ ቡድኑን እከፍታለሁ። አልጫወትም። ስማቸውን ከላይ እስከ ታች አይቼ እዘጋዋለሁ። ባለቤቱ ለዚህ ገንዘብ አልተቀበለኝም፤ ምን እየሠራህ ነው ብሎም አልጠየቀኝም።

ሲደውል ከሪያድ ነበር። እናታችን «አልሐምዱሊላህ» ከማለት ሌላ ቃል ስላልወጣት ስልኩን ሰጠችኝ። ያለበትን ልጠይቀው ስል ቀደመኝ፦ «ካስቶሎን ሸጥከው እንዴ?»

ጌም ቤቷ ዛሬ የሞባይል መሸጫ ሆናለች። ካርዷን እናታችን በመሐረብ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣታለች፤ የምንሰካበት ማሽን ግን የለንም። ኮናሚም የጌሙን ስም «ኢፉትቦል» ብሎ ቀይሮታል፤ በ2021 ሲወጣ የተጫዋቾቹ ፊት ተጣሞ የዓለም መሳቂያ ሆኖ ነበር። እኔና ወንድሜ አሁን እሱን በስልክ እንጫወታለን፤ እሱ ከሪያድ፣ እኔ ከከሚሴ። በውጤት እኔ እበልጠዋለሁ፤ ኔትወርክ ሲቋረጥብኝ ግን አሸናፊው እሱ ይሆናል።