ካርዱ የተወውን ፕሮሰሰሩ ይሠራዋል

ይፋግም ሆነ ደብረ ታቦር ለጥገና ስጠራ አብዛኛውን ጊዜ የምሰማው ቅሬታ «ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ» የሚል ነው። ጣት የሚቀሰረው መጀመሪያ ኬብሉ ላይ፣ ቀጥሎ ስዊቹ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ አሮጌ ከሆነ ግን እኔ ክዳኑን ከፍቼ ኔትወርክ ካርዱ ላይ ያለውን ቺፕ አነባለሁ። አርቲኤል 8139 የሚል ካገኘሁ፣ ኬብሉን ከመወንጀሌ በፊት ፋይል እያስተላለፍኩ የፕሮሰሰሩን ጭነት አያለሁ።

ይህ የሪልቴክ ቺፕ በርካሽነቱ ዓለምን ያዳረሰ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው፤ የኢንቴል 82559ም ያው 100 ነው። የሚለያዩት በውስጥ አሠራራቸው ነው። ኢንቴሉ ድራይቨሩ ባዘጋጀለት ዝርዝር መሠረት እያንዳንዱን ፓኬት በቀጥታ በተመደበለት የሚሞሪ ቦታ ያስቀምጣል። ሪልቴኩ የመጣውን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ አከታትሎ ይዘረግፈዋል፤ የፎገራን ሩዝ ጭኖ መጥቶ የሁሉንም ነጋዴ ኩንታል ገበያው በር ላይ አራግፎ እንደሚሄድ መኪና። ከዚያ እየለየ ወደየቦታው የሚገለብጠው ድራይቨሩ ነው፣ ጉልበቱም የፕሮሰሰሩ።

መላክ ላይም እፎይታ የለም። ቺፑ ያሉት የመላኪያ ቦታዎች አራት ብቻ ናቸው፤ የሚላከው መረጃ አንድ ላይ የተቀመጠ፣ መነሻ አድራሻውም ለአራት የሚካፈል መሆን አለበት። ካልሆነ አሁንም መገልበጥ ነው። ፍሪቢኤስዲ ለተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ድራይቨሩን የጻፈው ቢል ፖል በዚህ የተነሳ ቺፑን እዚያው ኮዱ ውስጥ አምርሮ ነቅፎታል። እውነቱን ነው። 100 ሜጋቢት መስመር ትንንሽ ፓኬቶችን በሰከንድ እስከ 148,800 ድረስ ያሳልፋል፤ ይህን ሁሉ በየተራ መገልበጥ ለአሮጌ ፕሮሰሰር ከባድ ሸክም ነው። ሊኑክስ ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚያቋርጥበትን ጥሪ (ኢንተራፕት) ብዛት የሚቀንስበት ዘዴ አለው፤ ግልበጣውን ግን አያስቀርም። ድራይቨር ጸሐፊ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ሃርድዌሩ የጎደለውን አይሞላም።

ሪልቴክ ራሱ በ8139ሲ ፕላስና በጊጋቢት ቺፖቹ ወደ ዝርዝሩ አሠራር ተሻግሯል። አንድ ሰው ደብዳቤ ለሚጽፍበት ኮምፒውተር አሮጌውም ይበቃል። ችግሩ የሚከፋው መላው የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ፋይል በሚቀዳበት ሰርቨር ላይ ነው።

የግዥ ባልደረቦቼ፣ ስፔስፊኬሽን ስትጽፉ «1 ጊጋቢት» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የምርት ስም መጥቀስ ስለማያስኬድ ችሎታውን ዘርዝሩ፦ ፓኬቱን በቀጥታ ሚሞሪ ውስጥ በየቦታው የሚያስቀምጥ፣ ቼክሰም (የስህተት መፈተሻ ድምር) ራሱ የሚያሰላ፣ ኢንተራፕት አጠራቅሞ የሚልክ በሉ። ካርዱ ሲመጣም ሳትረከቡት በፊት ቺፑን አንብቡ።