በመስታወት የታየ ኳስ

ፍኖተ ሰላም ያለችው ፀጉር ቤቴ ሦስት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወትና ከወንበሮቹ ጀርባ የተሰቀለ ቴሌቪዥን አላት። ቴሌቪዥኑን እዚያ የሰቀልኩት አስቤበት አይደለም፤ ሶኬቱ በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። በዚህ የተነሳ ወንበር ላይ የተቀመጠው ደንበኛም፣ ማሽን ይዤ የቆምኩት እኔም ኳስ የምናየው በመስታወት ነው፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ። በጎን ባለው አግዳሚ ላይ ተራ የሚጠብቁት ደግሞ ቀጥታ ያያሉ። አንዱን የባሕር ዳር ከተማ ተጫዋች፣ ስሙ ይቅርና፣ የውድድር ዓመቱን ሙሉ "ይኼ ግራኝ!" እያልኩ ሳሞግሰው ከርሜ፣ አግዳሚው ላይ የነበረ ባለባጃጅ "ግራኝ? በየት በኩል?" ሲለኝ ነው ቀኝ እግረኛ መሆኑን ያወቅሁት። እስከ ዛሬ ክርክር ሲበረታ "አንተ ዝም በል፤ አንተ የምታየው ተገልብጦ ነው" ይሉኛል።

እኛ ቤት ደረጃ ማውጣት የተጀመረው በመብራት ነው፤ በመብራት መጥፋት። ባሕር ዳር ከተማ ከከፍተኛ ሊግ አድጎ በፕሪሚየር ሊግ መጫወት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነበር። (ስሙ "ከተማ" ቢባልም ትልልቆቹ ዛሬም "ከነማ" ነው የሚሉት፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው፣ ከደርግ ዘመን የተረፈ ቃል።) በዚያው ዓመት አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ራሱን ግማሹን እንደላጨሁት መብራት ሄደ። ያኔ ቻርጅ የሚደረግ ማሽን አልነበረኝም። ልጁ ግማሹ ሙልጭ፣ ግማሹ ጎፈሬ ሆኖ መንገድ ላይ መውጣት አይችል፤ ፎጣ ተከናንቦ ተቀመጠ። እንዳይበሳጭብኝ ብዬ "በል እስኪ፣ ከኛዎቹ ልጆች ከአንድ እስከ አምስት አውጣ" አልኩት። አግዳሚው በሙሉ ተነሳበት። መብራት የመጣው ሊመሽ ሲል ነው፤ አምስተኛው ሰው ግን ገና አልተስማማንበትም ነበር። የዚያን ቀኑን ዝርዝር በግድግዳ ካላንደር ጀርባ ጻፍኩት። ቀጥሎ ደብተር ገዛሁ።

ደብተሩ ሦስት ዓምድ አለው፦ ስም፣ ደረጃ፣ ምክንያት። ሦስተኛውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ስምና ቁጥር ብቻ ጽፎ ሲሄድ በማግስቱ የሚክድ ስለበዛብኝ። አሁን ደብተሩን ስገልጥ ቁጥሮቹን አልፌ የማነበው ያንን ዓምድ ነው። "ሲጠልፉት ዳኛ አይለምንም" ይላል አንዱ። "ሞክሼዬ ነው" ይላል ሌላው። አንዲት ሻይ የምታመጣልን ልጅ በእርሳስ "ሲቀይሩት የሚገባውን ልጅ አቅፎ ነው የሚወጣው" ብላ ጽፋለች። እኔ በየሳምንቱ ስመለከት ይህን አይቼው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ተቀያሪ ሲገባ ማሽኑን አነሳና ወደ መስታወቱ አያለሁ።

የአቆጣጠሩ ሥርዓት የመጣልን ደግሞ ከሩቅ አገር ነው። የሒሳብ መምህር የሆነ ደንበኛ አለኝ፤ የእህቱ ልጅ የሚኖረው አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ በሚባል ሰፈር ነው፤ ሐበሻ የበዛበት፣ እንጀራ የማይታጣበት ሰፈር ነው አሉ። እዚያ ኳስ ሲባል ሌላ ነው። ሜዳው ክብ መሰል ሞላላ፣ ኳሱም ሞላላ፣ በአንድ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል፤ በእጅም በእግርም ይጫወቱታል። የሰፈሩ ክለብ ዌስተርን ቡልዶግስ በ1954 እ.ኤ.አ. ዋንጫ ካነሳ በኋላ ሁለተኛውን እስኪያገኝ 2016 እ.ኤ.አ. ደርሷል፤ 62 ዓመት። ይህን ስሰማ ከመቼውም በላይ የወደድኩት ክለብ ሆነ። ልጁ በድምፅ መልእክት እንደነገረን፣ እዚያ ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ ብራውንሎው የተባለ ሜዳልያ አለ። መራጮቹ ዳኞቹ ናቸው። ከየጨዋታው በኋላ ለምርጡ 3፣ ለተከታዩ 2፣ ለሦስተኛው 1 ነጥብ ጽፈው ያሽጋሉ። ፖስታው የሚከፈተው የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ ነው። በጥፋት ከጨዋታ የታገደ ሰው ነጥቡ የቱንም ያህል ቢበዛ ሜዳልያውን አያገኝም፤ ጎበዝ ብቻ መሆን አይበቃም፣ ጨዋም መሆን አለበት።

መምህሩ ይህን በእኛ ደብተር ላይ ካልጫንኩ ብሎ ሞተ። "የናንተ አወጣጥ እኮ የመጨረሻውን ቅዳሜ ብቻ ነው የሚያስታውስ" አለን። ልክ ነው፤ ዛሬ ጎል ያገባ ልጅ ዛሬ አንደኛ ነበር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሲስት ከአሥር ውጪ። ስለዚህ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታ ያየ ሁሉ በቁራጭ ወረቀት 3፣ 2፣ 1 ጽፎ፣ አጥፎ፣ ባዶ የኒዶ ጣሳ ውስጥ ይከታል። ክዳኑን በምላጭ ሰነጠቅሁለት። ያ ዓመት የጣና ሞገዶቹ የምንላቸው ባሕር ዳሮች ለዋንጫ ተናንቀው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥለው ሁለተኛ የወጡበት ስለነበር ጣሳዋ እስክትጨናነቅ ሞላች።

ጠቡ የመጣው "ጨዋታ ያየ" በምትለው ቃል ነው። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ። ክለቦቹ ደግሞ እንደ ድሮው አንዱ ወደ አንዱ አገር እየሄደ ሳይሆን፣ ተሰብስበው ከተማ እየቀያየሩ ነበር ያኔ የሚጫወቱት፤ ዛሬ ድሬዳዋ፣ ሲቀጥል አዳማ ወይ ሐዋሳ። ባሕር ዳር ላይ የሚደረገው ዙር ሲያልፍ የኛ ክለብ በአገሩ ሜዳ አይጫወትም ነበር። ዲሽ ያለው ያይ ነበር። የሌለው በራዲዮ ይከታተል ነበር።

የጃቢ ጠህናን ገበሬ የሆኑ አንድ ደንበኛ አሉኝ፤ በርበሬ ሸጠው ሲመለሱ ነው ፀጉራቸውን የሚቆረጡት። ስልካቸው ባለ ባትሪ መብራት ትንሿ ስልክ ናት፣ ራዲዮዋ ግን ጆሮ ነው የምትቆርጥ። የባሕር ዳርን ጨዋታ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ወረቀት ስጠኝ ብለው የሚያጽፉኝ ግን ሁልጊዜ በረኛውን ነበር፦ "ሦስቱን ለፋሲል ገብረሚካኤል!" መምህሩ አንድ ቀን "አባባ፣ ሳያዩትማ እንዴት ይመርጡታል?" አላቸው። "ወንድማለም፣" አሉት፣ "ኳሱ እሱ ዘንድ ሲደርስ የራዲዮው ሰውዬ ድምፅ ይለወጣል። እሱ ሲይዘው ደግሞ ይተነፍሳል። እኔም አብሬ እተነፍሳለሁ። ለሌላ ሰው እንዲህ ተንፍሼ አላውቅም።"

ይህን ከሰማሁ በኋላ ወረቀቶቹን በሁለት ለየኋቸው። እውነትም የራዲዮ ሰዎች በረኛና አጥቂ ነው የሚመርጡት፤ ጮክ ተብሎ የሚጠራው የእነሱ ስም ነው። እንደ ፉአድ ፈረጃ ያለ አማካይ ኳስ ተቀብሎ፣ ዞር ብሎ፣ ለሌላ ሲሰጥ ስሙ በአንድ ትንፋሽ ያልፋል፤ የሚያየው የአግዳሚው ሰው ነው። አግዳሚው አማካይ ይወዳል። ወንበር ላይ ያለው ደግሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጌ ስለያዝኩት፣ ከኳሱ ይልቅ ቆሞ የሚያዝዘውን ተከላካይ ያያል። መምህሩ እስከ ዛሬ የገበሬውን ወረቀት ይሰረዝ ባይ ነው። እኔ ባለ ጣሳው ነኝ፤ አልሰረዝኩም።

ቀጥታ ማየት ምን እንደሆነም አንድ ጊዜ ቀምሼዋለሁ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ኮትዲቯርን ባሕር ዳር ላይ ሲገጥሙ ሱቄን ዘግቼ በአባዱላ ሄድኩ፤ ቡሬ፣ ኮሶበር፣ ዳንግላ፣ መራዊ እያልን፣ ስንዘፍን ደረስን። 2 ለ 1 አሸነፍን፤ ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ሕዝቡ ሲነሳ መሬቱ አብሮ የተነሳ መሰለኝ። ግን እውነቱን ልናገር፦ ከላይኛው ረድፍ ሆኜ የአንዱንም ተጫዋች ፊት አላየሁም። ስም የሚጠራልኝም የለም። የኛን የመጀመሪያ ጎል ማን እንዳገባው የነገረኝ አጠገቤ ራዲዮ ጆሮው ላይ የለጠፈ ሰው ነው። ያም ሆኖ ሱራፌል ያኔ የፋሲል ከነማ ልጅ መሆኑን እያወቅሁ፣ በኔ የግል ዝርዝር እስከ ዛሬ ከሦስተኛ ወርዶ አያውቅም። ምክንያት በሚለው ዓምድ "ነበርኩ" ብዬ ጽፌያለሁ።

ፋሲልን ካነሳን ቡሬን ማንሳት ግድ ነው። ባለቤቴ የቡሬ ልጅ ናት፤ ወንድሟ እዚያ ጋራዥ አለው፣ እሱና ጓደኞቹም የራሳቸው ዝርዝር አላቸው። የነቀምቴው መንገድ የሚገነጠለው እነሱ ዘንድ ስለሆነ ሹፌር ሁሉ እያለፈ ድምፅ ይሰጣል፤ እንዲህ ያለ ምርጫ አይታመንም እላቸዋለሁ። አማቼ የአፄዎቹ፣ የፋሲል፣ ደጋፊ ነው። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ አምበሉ ያሬድ ባየህ ነበር፣ ያኔም በቡሬው ዝርዝር አንደኛ ነበር። ከዚያ ያሬድ ወደ ባሕር ዳር ከተማ መጣ። እኛ ደስ ብሎን በአንደኛነት ስንጽፈው አማቼ ስሙን ሰረዘው። "ልጁ እኮ ያው ልጅ ነው፤ እግሩ አልተቀየረ" ብለው "እኔ የጻፍኩት እግሩን አይደለም" አለኝ። በፋሲካ ልንጠይቃቸው ሄደን ዶሮው እስኪቀርብ ድረስ በዚህ ተጨቃጨቅን። ባለቤቴ ጣልቃ ገብታ "ያሬድ ራሱ እናንተን ቢያውቃችሁ ኖሮ ጋምቤላ ነበር የሚጫወት" አለች።

በጣሳው ፈጽሞ የማይሳተፉ አንድ ሰው ቢኖሩ ጋሼ ናቸው፤ ጡረተኛ ወታደር፣ ጢም ብቻ የሚላጩ። የሳቸው ዝርዝር ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንደኛ መንግሥቱ ወርቁ፣ ሁለተኛ ሙሉጌታ ከበደ። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የመጨረሻዋን ጎል ያገባ መንግሥቱ ነው፤ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ። ጋሼ ያኔ ሕፃን ነበሩ፣ የነገራቸው ታላቅ ወንድማቸው ነው። ሙሉጌታንም ቢሆን በ1980 ዓ.ም. የሴካፋ ዋንጫ፣ ዚምባብዌን በመለያ ምት ስናሸንፍ፣ በራዲዮ አስተላላፊው በደምሴ ዳምጤ አንደበት ነው የሰሙት፤ ግንባር ላይ፣ ራዲዮ ከበው። ሁለቱንም በዓይናቸው አላዩም። "ጋሼ፣ አላየሁም የሚል ሰው አንደኛ ያወጣል?" ስላቸው ምላጩ ጉንጫቸው ላይ እያለ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ "አንተስ ምኑን አየኸው? ግራኝና ቀኝ እግረኛ የማትለይ!" አሉኝ። ወሬው እሳቸውም ዘንድ ደርሷል።

በ2016 ዓ.ም. ጣሳዋን እንደገና አወጣሁ። ዓመቱ ከባድ ነበር። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ መንገድ በሆነ ባልሆነ ይዘጋል፣ ደንበኛም እንደ ድሮው አይመጣም። ቢሆንም ሰው ከመጣ ወረቀቱን ይከታል። በመጋቢት የአማካያችን የአለልኝ አዘነ ሞት ተሰማ፤ አርባ ምንጭ ላይ ነው ያረፈው። እኛ የሰማነው በራዲዮ ነው። ያን ዕለት ሦስቱም ወንበር ሰው ነበረበት፤ ማሽኔን አጠፋሁ፣ ያጠፋሁትም መብራት የሄደ መስሎኝ ነው፣ ቤቱ እንደዚያ ጸጥ ስላለ።

በሚቀጥለው ጨዋታ ባለባጃጁ ወረቀት አጥፎ ጣሳ ውስጥ ሲከት አየሁት። ሌላም ሰው ከተተ። በማግስቱ ገበሬው መጡና "ጻፍልኝ" አሉኝ፤ "ሦስቱን ለበረኛው?" ብላቸው "አይ፣ ዛሬስ ለልጁ" አሉ። መምህሩ አግዳሚው ላይ ነበር። ሕጉን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ያልተሰለፈ ሰው ነጥብ አያገኝም። ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም በመስታወት አየሁት። ምንም አላለም።

ዓመቱ ሲያልቅ ጣሳዋን ከፍተን ቆጠርን። የአለልኝን ስም የያዙትን ወረቀቶች እያወጣሁ ለብቻ አስቀመጥኳቸው፤ አልደመርኳቸውም፣ አልጣልኳቸውምም። መልሼ ጣሳዋ ውስጥ ከተትኳቸውና ክዳኗን ገጠምኩ። ለ2017 ሌላ ጣሳ ገዛሁ። አሮጌዋ ከመስታወቱ ሥር፣ ከፓውደሩ አጠገብ ናት፤ መቀስ የማስቀምጠው ክዳኗ ላይ ነው።