መቀመጫ የሚፈተነው ስንት ሰዓት ሲነዳ ነው?

(ድምፅ፦ ሞተር ሳይክል ይነሳል፤ ማርሽ ይቀየራል፤ ድምፁ እየራቀ ይሄዳል)

ተራኪ፦ አሜሪካ ውስጥ አይረን በት የተባለ የረጅም ርቀት ሞተረኞች ማኅበር አለ። ወደ ማኅበሩ ለመግባት የታወቀው ፈተና 1,000 ማይል በ24 ሰዓት መንዳት ነው። በኪሎ ሜትር ከ1,600 ይበልጣል፤ ከአዲስ አበባ ሞያሌ ደርሶ መልስ ጋር የሚቀራረብ መንገድ ማለት ነው። የማኅበሩ ትልቁ ውድድር ደግሞ 11 ቀን ይፈጃል። እንዲህ የሚነዱ ሰዎች ሞተር ሲገዙ ቀድመው ከሚቀይሯቸው ነገሮች አንዱ መቀመጫው ነው። ለምን?

(ሙዚቃ፤ ለአጭር ጊዜ)

ተራኪ፦ ገዢ ሱቅ ውስጥ መቀመጫውን በአውራ ጣቱ ይጫናል። ጣቱ ሲሰምጥ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ሱቅ ውስጥ የሚመች መቀመጫ ሁሉ መንገድ ላይ አይመችም።

ስንቀመጥ አብዛኛውን ክብደታችንን የሚሸከሙት ሁለት የዳሌ አጥንት ጫፎች ናቸው። ለስላሳ ስፖንጅ መጀመሪያ ላይ አቅፎ ይይዛቸዋል። እየቆየ ግን ይደፈጠጣል፤ አጥንቶቹም ከሥር ያለውን ጠንካራ አካል ይነካሉ። በመሃል ያለው ሥጋ ሲጨመቅ ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም። መጀመሪያ ይጠዘጥዛል፣ ቀጥሎ ይደነዝዛል። ስለዚህ ለረጅም መንገድ የሚበጀው ጠጠር ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ ነው። ከላዩ ስስ ለስላሳ ድርብ ቢኖረው ይበቃል።

ቅርጹም ከስፖንጁ አያንስም። ከኋላ ሰፋ ያለ መቀመጫ ክብደትን ያከፋፍላል፤ ከፊት ጠበብ ማለቱ እግር መሬት እንዲደርስ ይረዳል። ወደ ፊት ያዘነበለ ከሆነ ግን ነጂው በየፍሬኑ ወደ ነዳጅ ታንኩ ይንሸራተታል፤ ብሽሽቱ ይጨነቃል፣ ክንዱም ሰውነቱን ወደ ኋላ ሲገፋ ይውላል።

(ድምፅ፦ የኮረኮንች መንገድ፤ የሞተር ድምፅ)

ተራኪ፦ በ2007 እ.ኤ.አ. ተዋናዩ ዩዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ ተነስተው፣ ኢትዮጵያን አቋርጠው ኬፕ ታውን ገብተዋል። የነዱት ቢኤምደብሊው አር 1200 ጂ ኤስ አድቬንቸር ነበር። የዚህ ሞተር የፋብሪካ መቀመጫ በሁለት ከፍታ ይስተካከላል፤ 89.5 ወይም 91.5 ሴንቲ ሜትር። የሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ግን መቀመጫው ከፍ ሲል ጉልበት ይዘረጋል፣ ዳሌም ይፈታል። ቁመቱ አጠር ያለ ነጂ መቀመጫውን ዝቅ ለማድረግ ስፖንጁን ከላይ ቢያስቆርጥ ምቾቱን አብሮ ያስቆርጣል። ከፊት ጎንና ጎኑን ማስጠበብ ይሻለዋል።

ማሻሻያም ሞልቷል። በአየር የሚሞላ ትራስ ጥሩ ነው፤ ግን ጢም ብሎ ከተሞላ ነጂውን ያንሳፍፈዋል፤ ሰውነትን ከመቀመጫው በጥቂቱ ብቻ ማንሳት አለበት። ጄል ፀሐይ ላይ ሲቆም ይግላል። የበግ አጎዛ ደግሞ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ ፀጉሩ አየር ያስገባል፣ ላብም አያጠራቅምም። ዝናብ ሲመጣ ግን ማንሳት ነው።

(ድምፅ፦ የልብስ ስፌት መኪና)

ተራኪ፦ አገራችን ውስጥ በሞተር ገጠር ለገጠር የሚዞሩ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ውድ መቀመጫ ከውጭ ማስመጣት አይጠበቅባቸውም። የመኪና ወንበር የሚሰፋ ጎበዝ ባለሙያ ይበቃል። ጠንካራ ስፖንጅ ምረጡ። ስፌቱ አጥንት በሚያርፍበት ቦታ እንዳይውል ንገሩት። ሞተሩ ላይ ተቀምጣችሁ ሌላ ሰው ከጎን ይያችሁ፤ ወደ ፊት ከተንሸራተታችሁ ቁልቁለቱ ይስተካከል።

ሱሪም መታየት አለበት። ወፍራም ስፌት ያለው ጂንስ ጥሩውን መቀመጫ ያበላሻል። የትኛውም መቀመጫ ቢሆን ደግሞ ዕረፍትን አይተካም፤ በየሰዓቱ ወረድ ብሎ መንጠራራት፣ አመቺ ቦታ ላይም በእግር ማሳረፊያው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከወረዱ በኋላ የማይለቅ መደንዘዝ ካለ ግን ሐኪም ይየው።

አድማጮቻችን፣ መቀመጫ ስትመርጡ በጣታችሁ አትፍረዱ። ከቻላችሁ ሁለት ሰዓት ነድታችሁ ሞክሩት፤ የዛን ጊዜም ስለ መቀመጫው ማሰብ ካልጀመራችሁ ግዙት።