ስለ አደገኛ ውሾች በባለቤቶቻቸው ላይ የተጣለ ግዴታ

በእንግሊዝ አገር የተከለከለ ዘር ውሻ ለማሳደር የሚያስፈልገውን የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የርሻንና የገጠርን ጕዳይ የያዘው ሚኒስቴር ነው። የሰው መነከስ የዳኛና የፖሊስ ነገር ነው እንጂ የርሻ መሥሪያ ቤትን ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ያገሩ የርሻ መሥሪያ ቤት በውሻ ነገር መከራከር ከዠመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በ1897 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት፥ ሌላ ካልተባለ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የርሻ ቦርድ ሹም የነበሩት ዋልተር ሎንግ፥ የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አውራጃ ማንኛውም ውሻ አፉ ሳይታሰር ወደ መንገድ እንዳይወጣ አዘዙ። ባለውሾች እጅግ ተቈጧቸው፤ እሳቸው ግን ከትእዛዛቸው አልተመለሱም፤ በሽታውም በ1902 ከአገሩ ጠፋ። በ1918 ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በስውር ባገቧቸው ውሾች እንደገና ቢገባ፥ በ1922 ዳግመኛ ጠፋ። በኛ አገር ይህ በሽታ ዛሬም ሰው የሚገድል ስለ ሆነ፥ ነገሩ የሩቅ ወሬ ብቻ ሆኖ አይታይም።

ስለ ንክሻ ግን ሌላ ሕግ አለ። በ1871 የወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት የውሾች ሕግ፥ አንድ ውሻ አደገኛ ሆኖ ሳለ በሚገባ እንዳልተጠበቀ ለዳኛ ሲገለጥ፥ ባለቤቱ አጥብቆ እንዲይዘው ወይም ውሻው እንዲገደል ለማዘዝ ለዳኛው ሥልጣን ይሰጠዋል። ሕጉ የውሻውን ጠባይ ይመለከታል እንጂ ዘሩን አይጠይቅም። በኦሪት ዘጸአት ስለ ተዋጊ በሬ ከተጻፈው ጋራ ይቀራረባል፤ በዚያም ባለቤቱ አስቀድሞ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው የቀረ እንደ ሆነ ዕዳው ይከብድበታል።

በ1991 ውሾች ሰዎችን፥ ሕፃናትንም ጭምር፥ ስላቈሰሉ ሕዝቡ ጮኸ፤ ፓርላማውም ተቻኵሎ የአደገኛ ውሾችን ሕግ አወጣ። ፒት ቡል ቴሪየር፥ የጃፓን ቶሳ፥ ዶጎ አርጀንቲኖና ፊላ ብራዚሌሮ ተከለከሉ፤ በዲሴምበር 31 ቀን 2023 ደግሞ ኤክስ ኤል ቡሊ የተባለው ግዙፍ ውሻ በእንግሊዝና በዌልስ አምስተኛ ሆኖ ተጨመረ። እነዚህን ማርባት፥ መሸጥ፥ መለወጥ፥ በስጦታ መስጠት፥ ሜዳ ላይ መጣልም ክልክል ነው። ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ዠምሮ ኤክስ ኤል ቡሊን ያለ ምስክር ወረቀት ይዞ መገኘት ወንጀል ሆነ። ከዚያ ቀን በፊት ባለቤቱ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ተደርጎ ነበር፤ ውሻውን በእንስሳት ሐኪም ያስገደለ 200 ፓውንድ ካሣ እንዲያገኝ፥ ሊያሳድረው የወደደ ግን 92 ፓውንድ ከ40 ፔንስ ከፍሎ እንዲያስመዘግብ ተወሰነ።

የተመዘገበው ውሻ ዘር እንዳይተካ ይኰላሻል፤ ቍጥር የያዘ ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር ይገባለታል። ባለቤቱ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርሰው ጕዳት ኢንሹራንስ ገብቶ በየዓመቱ ያድሳል፤ ውሻው ሊያመልጥ በማይችልበት ቦታ ያሳድረዋል። በሕዝብ መተላለፊያ ሲወጣ አፉ ታስሮ፥ ዕድሜው 16 ዓመት በሞላ ሰው እጅ በገመድ ይያዛል፤ በመንገድ ላይ ባለ አውቶሞቢል ውስጥ ቢቀመጥም ግዴታው አይቀርለትም።

የሕጉ አስቸጋሪነት ዘርን ለይቶ በማወቅ ላይ ነው። አንድ ወንድ ውሻ ኤክስ ኤል ቡሊ ነው ለመባል ከትከሻው ላይ ቁመቱ ቢያንስ 51 ሴንቲ ሜትር፥ ሴት ከሆነች 48 ሴንቲ ሜትር መሆን ይኖርበታል፤ ከዚያም የራሱና የደረቱ መልክ ይመረመራል። ክርክር በተነሣ ጊዜ ውሻው ከተከለከለው ወገን አለመሆኑን ማስረዳት የባለቤቱ ዕዳ ነው። እስከ 1997 ድረስማ ዳኛው በዚህ ወንጀል የተፈረደበትን ሰው ውሻ፥ ማንንም ያልነከሰ ቢሆን እንኳ፥ እንዲገደል ከማዘዝ በቀር ምርጫ አልነበረውም። በኔ አሳብ የ1871ን ሕግ ማስፈጸም ለወረዳ ዳኛ ይቀላል፤ ሆኖም ያ ሕግ የሚሠራው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ከቈሰለ በኋላ መሆኑን መሸሸግ አይገባም።

ዘሩ ምንም ቢሆን፥ ውሻው ከቍጥጥር ውጭ ሆኖ ሰውን በሚያሰጋ አኳኋን ከተገኘ ባለቤቱ እስከ 6 ወር፥ ሰው ካቈሰለ እስከ 5 ዓመት፥ ከገደለ እስከ 14 ዓመት ይታሰራል። ከ2014 ወዲህ ይህ ሕግ በባለቤቱ ግቢ ውስጥም ይሠራል፤ ወደ መኖሪያ ቤት በሕገ ወጥ መንገድ የገባን ሰው ያጠቃ እንደ ሆነ ግን የተለየ አስተያየት ይደረግለታል።

ለባለከብት ይበልጥ የሚጠቅመው በ1971 የወጣው የእንስሳት ሕግ ነው። ውሻው በግ ወይም ላም የገደለበት ሰው ካሣ ይከፍላል፤ ከብቶቹ ራሳቸው ተሳስተው ውሻው ወዳለበት መሬት ገብተው ከሆነ ግን አይከፍልም። ባለበጎቹም መንጋውን ለማዳን ሌላ መንገድ ባጣ ጊዜ ውሻውን ቢተኵስበት፥ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ካስታወቀ፥ ከካሣ ክስ መከላከያ ያገኛል። ይህ ቀነ ገደብ ነገሩ በጎረቤቶች መካከል ወደ ቂም ሳይለወጥ ለሕግ እንዲደርስ የሚረዳ ይመስለኛል።

በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. (በኛ አቈጣጠር) የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071 የውሻን ዘር አይለይም፤ የማናቸውም እንስሳ ባለቤት፥ እንስሳው በድንገት አምልጦት ወይም ጕዳቱ አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ቢሆን እንኳ፥ እንስሳው ላደረሰው ጕዳት ኀላፊ ነው ይላል። ስለዚህ በረት የሚጠብቅ ውሻ ሌሊት ሰንሰለቱን በጥሶ መንገደኛ ቢነክስ፥ ባለቤቱ «አስሬው ነበር» ብሎ ከካሣ ሊያመልጥ አይችልም።