አንድ ወገን አፍንጫ ሲደፈን

ሙስሊም ለሶላት ውዱእ ባደረገ ቁጥር ውሃ ወደ አፍንጫው ስቦ ያስወጣል። አንደኛው ቀዳዳ ውሃውን እየሳበ ሌላው ለሳምንታት እምቢ ካለ ነገሩን በቸልታ ማለፍ አይገባም። ጉንፋንና አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ወገን ይይዛሉ። በአንድ ወገን ብቻ የሚዘልቅ መደፈን፣ በተለይ ነስር ከታከለበት፣ ምርመራ ይሻል።

ብዙ ሰው «እጢ» ሲባል ካንሰር ነው ብሎ ይደነግጣል። በአፍንጫና ሳይነስ በሚባሉት የፊት አጥንት ክፍተቶች ውስጥ ግን ካንሰር ያልሆኑ እጢዎችም ይበቅላሉ። ቢሆንም ጉዳት የላቸውም ማለት አይደለም፤ ሳይነስን ከዓይንና ከአንጎል የሚለየው ስስ አጥንት ነውና።

እስኪ በአሶሳ ዙሪያ የሚኖር የ15 ዓመት ወንድ ልጅ እናስብ። አንድ አፍንጫው ተደፍኖ በየጊዜው ይነስረዋል። ቤተሰቡ «ሙቀቱ ነው» ይላል፤ ጎረቤት ደግሞ «የአፍንጫ ሥጋ ነው፤ ይቆረጥ» ብሎ ይመክራል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። በጉርምስና ዕድሜ ባሉ ወንዶች ላይ የሚታይ፣ በደም ሥር የተሞላ አንጂዮፋይብሮማ የሚባል እጢ አለ። ይህ እጢ ሳይታወቅ ከተነካ፣ ለናሙና እንኳ ቢቆረጥ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ደም ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ ከቢላ በፊት ምስል ይቀድማል።

ተራ ራጅ የፊት አጥንቶችን ደራርቦ ስለሚያሳይ ብዙ ነገር ይሰውራል። እ.ኤ.አ. በ1971 ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመምተኛ የታየበት ሲቲ ስካን ግን ጭንቅላትን እንደ ተቆረሰ ድፎ በስሱ ከፋፍሎ ያሳያል። አንጂዮፋይብሮማ የጉንጩን ሳይነስ የኋላ ግድግዳ ወደ ፊት ሲያጎብጠው ይታያል። ኦስቲዮማ የተባለው የአጥንት እጢ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ኢንቨርትድ ፓፒሎማ የተባለው ደግሞ የበቀለበት አጥንት ብዙ ጊዜ ወፍሮ ስለሚታይ ሐኪሙ ከየት መንቀል እንዳለበት ይረዳል፤ ሥሩ ከቀረ ተመልሶ ይበቅላል፣ አንዳንዴም ወደ ካንሰር ይለወጣል። ኤም.አር.አይ በበኩሉ ከእጢው ጀርባ የታቆረውን ፈሳሽ ከእጢው ለይቶ ያሳያል። ይሁንና የአብዛኞቹ እጢዎች ማንነት የሚረጋገጠው ከምስሉ በኋላ በሚመረመር ናሙና ነው።

ከአሶሳ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አባት የመኪናውን፣ የማደሪያውንና የምርመራውን ወጪ ሲያሰላ የሚሸጠው ከብት ይታሰበዋል። በመጀመሪያ በአቅራቢያው ሆስፒታል ታይቶ፣ አስፈላጊ ከሆነ ሪፈር ተጽፎለት እንደ ጥቁር አንበሳ ወዳለ የአንገት በላይ ስፔሻሊስቶች ወዳሉበት ሆስፒታል ይሂድ። የተነሣውን ፊልም በጥንቃቄ ይያዝ፤ ለቀጣዩ ሐኪም ማነጻጸሪያ ነው። የመስጊዱ ጀመዓም በሶደቃ ይርዳው።

«በአላህ ተመክቻለሁ» ብሎ መቀመጥ ግን ተወኩል አይደለም። ዐርፈጃ የተባሉት ሶሐባ በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ ከብር አሠርተው ነበር። ብሩ ሲሸትባቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ወርቅ ማጌጥ ለወንድ ክልክል ሆኖ ሳለ ለአፍንጫ ችግር ከተፈቀደ፣ ለልጅ ጤና አንድ ላም መሸጥ ምን ያስቆጫል? ሰበቡን ማድረስ የእኛ ነው፤ ፈውሱ የአላህ።