አዲስ የመስሚያ መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት

ከጆሮ ጀርባ የምትቀመጠው ትንሽ መሣሪያ አራት ዋና ክፍሎች አሏት፦ ድምፅ የሚቀበል ማይክሮፎን፣ ድምፁን የሚያስተካክል ቺፕ፣ ወደ ጆሮ የሚያስገባ ስፒከርና ባትሪ። አምራቾች አዳዲስ ሞዴል ማውጣት ስለማያቆሙ፣ መሣሪያቸውን አራት አምስት ዓመት የተጠቀሙበት ሰዎች «ልቀይረው ወይስ ይቆይ?» እያሉ ያመነታሉ። ቢያመነቱ አይፈረድባቸውም። አሜሪካ ውስጥ በባለሙያ የሚገጠም ጥንድ መሣሪያ ብዙ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል፤ የአዛውንቶች የመንግሥት የጤና መድን የሆነው መደበኛው ሜዲኬርም ወጪውን አይሸፍንም። እንደ እኔ እምነት ውሳኔው መጀመር ያለበት ከመሣሪያው ዕድሜ ሳይሆን ከጆሮው ሁኔታና ከባለቤቱ አኗኗር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ዋይዴክስና ኦቲኮን የተባሉት አምራቾች ሙሉ በሙሉ ዲጂታል የሆኑ መሣሪያዎችን ለገበያ አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ ቺፑ የገባውን ድምፅ ቀጭንና ወፍራም ብሎ ይከፋፍላል፤ እያንዳንዱንም ክፍል በኦዲዮግራሙ፣ ማለትም በመስማት ምርመራው ውጤት ልክ ያጎላዋል። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ድካም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። «ስ»፣ «ፍ» እና «ት» ሲደበዝዙ ሰው «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም» ይላል። ሁሉንም ድምፅ እኩል ማጉላት ለእንዲህ ያለው ጆሮ አይበጀውም።

መሣሪያው ደከመ ሲባል ጥፋቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። በብዙዎቹ ላይ፣ ስፒከሩ ጫፍ፣ ኩክ እንዳይገባ የምትከላከል ከምስር ፍሬ የምታንስ ማጣሪያ አለች። እሷ ከተደፈነች ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ ዝም ይላል፤ መቀየሪያዋ ግን ርካሽ ነው፣ ለመቀየርም ጊዜ አይፈጅም። ቱቦ ያላቸው መሣሪያዎች ላይ ፕላስቲኩ በወራት ውስጥ እየደረቀ ይሰነጠቃል። የማይክሮፎኑን ቀዳዳ ላብና አቧራ ይደፍነዋል። ጆሮውም ራሱ በኩክ ሊዘጋ ይችላል።

ከዚህም ሌላ የመስማት አቅም ይለወጣል። ከዓመታት በፊት በተደረገ ምርመራ የተስተካከለ መሣሪያ ለዛሬው ጆሮ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራ፣ ቀጥሎ ጽዳት፣ ከዚያ በአዲሱ ውጤት ማስተካከል ይቅደም። ጠንቃቃ ባለሙያ በኮምፒውተሩ ግምት ብቻ አይረካም። ቀጭን የመለኪያ ቱቦ ወደ ጆሮ አስገብቶ፣ መሣሪያው እየሠራ ታምቡሩ አጠገብ የሚደርሰውን ድምፅ ይለካል። ይህ ልኬት ካልተደረገልዎ ይጠይቁ።

ታዲያ አዲሶቹ ምን ጨመሩ? ትልቁ እድገት የታየው ጫጫታን በመቋቋም ነው። ሰርግ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ወይም ቡና ላይ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ የሚቸገር ሰው ልዩነቱን ሊያገኘው የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ፎናክ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ስፊር ኢንፊኒዮ ንግግርን ከጫጫታ ለመለየት የተሠራ ተጨማሪ ቺፕ አለው፤ ይህ ሥራ ግን ባትሪ ይበላል። ብሉቱዝ ያላቸው መሣሪያዎች የስልክ ድምፅ ቀጥታ ወደ ጆሮ ስለሚያስገቡ፣ ባሕር ማዶ ካሉ ልጆቻቸው ጋር በስልክ ለሚገናኙ ወላጆች ትልቅ እፎይታ ናቸው። ባትሪ መቀየር ጣታቸውን ለሚያስቸግራቸው ደግሞ ቻርጅ የሚደረገው ይመቻል።

ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ለመጨዋወት ግን በደንብ የተስተካከለ የአምስት ዓመት መሣሪያ ከአዲሱ እምብዛም ላይለይ ይችላል። ውድ መሆኑም ብቻውን ዋስትና አይደለም። በሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ ሮቢን ኮክስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀላልና መካከለኛ የመስማት ችግር ያለባቸው አዛውንቶች መሠረታዊውንም ውዱንም ሞዴል በየተራ በኑሯቸው ሞከሩ። ሁለቱም ረዷቸው፤ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። የተሞከሩት መሣሪያዎች ከዛሬዎቹ በፊት የነበሩ ናቸው፤ ቢሆንም ዋጋን ብቻ አይቶ መምረጥ እንደማያዋጣ ጥናቱ ያስተምራል።

መቀየር የሚገባው መሣሪያው በጥገና ከተመላለሰ፣ መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ፣ ጉልበቱ ለጆሮው ካነሰ፣ ወይም የዘወትር ኑሮዎ የሚጠይቀው ነገር በአሮጌው ላይ ከሌለ ነው። ያኔም ቢሆን የሙከራ ጊዜ ከሚሰጥ ሻጭ ይግዙ። ሙከራውንም ጸጥ ባለው ቢሮ ሳይሆን መስማት በሚያቅትዎ ቦታ ያድርጉት።

ያረጀውን አገር ቤት ላለ ዘመድ መላክ መልካም ሐሳብ ነው፤ ግን በሌላ ሰው ጆሮ ልክ የተስተካከለ መሣሪያ እንዲሁ አይደረግም። እያንዳንዱ አምራች የራሱ ሶፍትዌር አለው፤ አንዳንድ ሰንሰለት መደብሮች የሚሸጡት ደግሞ ሌላ ቦታ እንዳይስተካከል የተቆለፈ ነው። የሚያስተካክል ባለሙያ በተቀባዩ ከተማ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ በተራ ባትሪ የሚሠራው ይሻላል፤ የዚንክ ባትሪ ግን ማሸጊያ ወረቀቱ ከተላጠ ባይጠቀሙበትም ያልቃልና ታሽጎ ይላክ።

ድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ አንድ ጆሮ ከደነቆረ መሣሪያ አይፈልጉ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ ሕክምናው ጊዜ አይሰጥም። ቀስ በቀስ ለሚመጣው ድካም ደግሞ ገንዘብዎ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ አስቀድመው ለምርመራና ለማስተካከያ ያውሉት።